መብራት ሲጠፋ የሚሰማው

ድንኳኑ የእድር ነው፤ ወንበሩም የእድር ነው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ሁለት ሦስት እየሆነ ሲገባ ያዩ የሰፈሩ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ከች አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ነው ያረፈው?» ሲሉ የግቢው ባለቤት ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ኧረ ማንም አላረፈ እማማ! የሬዲዮ ስብሰባ ነው።»

«የምን ሬዲዮ?»

«የአማተር ሬዲዮ።»

ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን ሽቦ፣ ባትሪና ሳጥን አንድ በአንድ ቃኙት። ከዚያ «እንኳንም ሰው አልሞተ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በረካው ተጠጥቶም አልተነሡም።

አሜሪካ ዴይተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረ የአማተር ሬዲዮ ጉባኤ አለ። ከ2017 ወዲህ አጠገቡ ወዳለችው ዚኒያ ተዛውሮ በሦስት ቀን ከ30 ሺህ በላይ ሰው ያስተናግዳል። ጀርመኖችም በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር፣ ፍሪድሪሽስሃፈን ላይ የራሳቸው አላቸው። የእነዚያን ጉባኤዎች ንግግር በስልኬ ስመለከት ስንት ሌሊት አንግቻለሁ፣ ስንት ጥቅል ዳታ ጨርሻለሁ። የኛው 23 ሰው ነበር። ከ23ቱ ሁለቱ የግቢው ባለቤት ልጆች ናቸው፤ እነሱም የመጡት ለዳቦው ነው።

የቀረነው ከአምስት ኪሎ የመጡ ተማሪዎች፣ መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ የዲሽ ባለሙያ፣ አንድ የጂኦፊዚክስ መምህር፣ በድሮው ጦር መገናኛ ያገለገሉና ሁላችንም «ሻምበል» የምንላቸው አዛውንት፣ ጥቂት እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ነን። እኔ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሬዲዮ የያዘኝ ከአባቴ ነው፤ እሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ጀርመን ድምፅን፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን አሜሪካ ድምፅን ለመያዝ በአጭር ሞገድ ቁልፏን በፀጉር ልክ ሲያዞር ነው ያደግሁት። ዜናው ለእሱ ነበር። ለእኔ የሚጥመኝ በሁለት ጣቢያ መካከል ያለው ፉጨትና ትንፋሽ ነበር፤ «እሱን ተወው፣ ኖይዝ ነው» ይለኝ ነበር።

ለማያውቀው፣ አማተር ሬዲዮ ማለት ጣቢያ ከፍቶ ዘፈን ማጫወት አይደለም። አንድ ሰው ከቤቱ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ በሠራው አንቴና፣ ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። መሃል ላይ ኢንተርኔት የለም፣ ቴሌ የለም። ገንዘብ ማግኛ ማድረግ ክልክል ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በዓለም ላይ የእሱ ብቻ የሆነ መጠሪያ አለው፤ የኢትዮጵያ በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ የአምስት ኪሎው ክበብ ኢቲ3ኤኤ ነው። ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው አብዛኞቻችን ደግሞ ፈቃድ የለንም። አድማጮች ነን። ከተማሪዎቹ አንዱ ግን ክበቡ ውስጥ ማይክ ጨብጦ ያውቃል። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ድምፅ ብርቅ ስለሆነ፣ «አንድ ጊዜ ሲኪው፣ ማለትም የሚሰማኝ ካለ ይመልስ፣ ብለህ ዝም በል» አለን፤ «ከዚያ ያለው ግፊያ፣ መገናኛ ላይ ማታ አንድ ሰዓት ታክሲ መጣ ሲባል እንዳለው ነው።»

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። ስለ ኤፍቲ8፣ በኮምፒውተር ስለሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት፣ ልታስረዳን ፕሮጀክተር ሰክታ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ እስከ ቤቱ ጣሪያ ከተወጠረው ሽቦ የሚመጣውን በላፕቶፗ እያሳየችን ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሄደችም፤ መብራቱ ድርግም አለ።

ስብሰባ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሰው «እህ» ብሎ ይተነፍሳል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያበራል፣ ሌላው «ጄኔሬተር የለም?» ይላል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ግን ሃያ ሰው በአንዴ ተነሥቶ ላፕቶፑን ከበበው። ሪሲቨሩ የመኪና ባትሪ ላይ ስለነበር አልጠፋም። ከደቂቃ በፊት ስክሪኑ ላይ እንደ በረዶ የሚዘንብ ነጭ ነገር፣ በመሃሉም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል እኩል የተተከለ መስመር ነበር። መብራቱ ሲሄድ ያ ሁሉ አብሮ ሄደ። ሰፌድ ላይ ገለባው ተነፍቶ ፍሬው ብቻ እንደሚቀረው፣ ጨለማው ስክሪን ላይ ቀጫጭን መስመሮች ቀሩ። እያንዳንዷ መስመር አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ናት። ፕሮግራሙ በአንድ ዙር ስድስት ሰባት መጠሪያ ነበር የሚያወጣው፤ አሁን ሠላሳ ምናምን ይደረድር ጀመር። ስፔን፣ ዩክሬን፣ ሕንድ፣ ጃፓን።

«እንግዲህ እኔ የምለው ይኸንኑ ነበር» አለችና ሳቀች። ንግግሯ አለቀ ማለት ይቻላል።

አላለቀም፤ ግን ወደ እሱ ከመመለሴ በፊት ስለዚህ ስለ መብራት ነገር ትንሽ ልበል፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ከራሴ አልወጣ ብሏል። የቤታችን ዕቃ ሁሉ ድምፅ አለው፤ በጆሮ የማይሰማ። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የላፕቶፕ አዳፕተር፣ የቴሌቪዥን ፓወር ሳፕላይ የሶኬቱን 220 ቮልት ወደ ትንሽ ቮልት የሚያወርዱት በሴኮንድ አሥር ሺዎችና መቶ ሺዎች ጊዜ እያበሩ እያጠፉ ነው። ይኼ ማብራትና ማጥፋት ብዜቱ እየተደራረበ እስከ አጭር ሞገድ ይወጣል፤ የግድግዳው ሽቦም እንደ አንቴና ሆኖ ይረጨዋል። ርካሽ ሆኖ ማጣሪያው የተቀነሰለት ደግሞ የባሰ ነው። የሚገርመው፣ ሦስት አራት ኪሎዋት የሚጎትተው የእንጀራ ምጣድ ንጹሕ ነው፤ ውስጡ ተራ ጥቅልል ሽቦ ስለሆነ ይሞቃል እንጂ አይጮህም። ሰፈሩን የሚያውከው አምስት ዋት የማትሞላዋ ቻርጀር ናት። አስቡት፤ አንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ላይ ስንት ቻርጀር አለ?

ለዚህ ነው ሬዲዮ ሁልጊዜ ከከተማ ወጣ የሚለው። አቃቂ፣ ከዚያ ድንኳን ብዙ አይርቅም፣ ጣሊያን ሳይወረን በፊት በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራው የሬዲዮ ጣቢያ የነበረበት ነው። ወረራው ሲያንዣብብ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም አቤት ያሉት ጣሊያን በሠራው በዚሁ ጣቢያ ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል። በኋላም በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ደርግ በመጋቢት 1969 የወረሰው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ስቱዲዮው ከተማ ውስጥ ሆኖ ማሠራጫውን የተከለው ገጃ ነው። ማሠራጫ ቦታ ይፈልጋል። አድማጭ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። ሁለቱንም የሚሰጠው ዳር ነበር፤ ዳሩ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የግቢው ባለቤት ቦታውን ሲገዛ ዙሪያው ጤፍና ሽምብራ ነበር ይላል። አሁን ከድንኳኑ ሥር ቆሜ ብሎኬት የሚደረደርባቸውን ሰባት ቤቶች ቆጠርሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ኤፍቲ8 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የግንኙነት ዘዴ ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ጆ ቴይለር፣ በ1993 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰው ነው፤ የተሸለመው በጥንድ ፑልሳር ግኝት ነው (ፑልሳር የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ ነው)። ከሰማይ የሚመጣ ደካማ ምት ሲቆጥር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ያንኑ ጥበብ ለጓሮ ሬዲዮ ሰጠው ማለት ነው። እያንዳንዱ መልእክት 77 ቢት ብቻ ነው፦ መጠሪያህ፣ መጠሪያዬ፣ ያለህበት ቦታ ወይም የሰማሁህ መጠን። አራት ዙር በደቂቃ፤ አሥራ አምስት ሴኮንድ እኔ፣ አሥራ አምስት ሴኮንድ አንተ። መልእክቱ ላይ የስሕተት ማረሚያ ስለሚጨመርበት 77ቱ ቢት 174 ሆኖ ይላካል፤ ከፊሉ በጫጫታ ቢበላ እንኳ ከቀረው ይጠገናል። በዚህም ምልክቱ ከጫጫታው መቶ ጊዜ ቢያንስ ይነበባል። እሷ ያስረዳችበት መንገድ ጣመኝ፦ «ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ቆማችሁ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ፣ ማዶ ያለ ዘመዳችሁ ቀስ ብሎ ስማችሁን ቢጠራችሁ አትሰሙትም። ግን በትክክል በየአሥራ አምስት ሴኮንዱ፣ በአንድ ቃና፣ እንደሚጠራችሁ ቀድማችሁ ብታውቁስ?»

ቁልፉ «በትክክል» የምትለዋ ናት። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በላይ ከተዛነፈ ምንም አይነበብም። የዓለም አማተሮች ደግሞ የሚሠሩት በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ሻምበል ጣልቃ ገብተው «በቀን በኛ ሰዓት ላይ ሦስት ደምሩ፣ አለቀ» አሉ። እውነት ነው፤ የኛ ጠዋት አራት ሰዓት የእነሱ ሰባት ነው። ይህን ያህል ዓመት ስድስት ደምሬ፣ መልሼ ሦስት ስቀንስ ኖሬ፣ በአንድ መደመር የሚያልቅ ነገር መሆኑን ያን ዕለት ተማርሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ነበር አይደል?

ሻምበል ግን ኤፍቲ8ን አልወደዱትም። «ልጄ፣ ማሽኑ ማሽኑን ጠራው፣ ማሽኑም መለሰ። ሰውየው የታለ?» አሏት። በሞርስ ዘመን አንድ ኦፕሬተር መጠሪያውን ሳይናገር በ«እጁ» ይታወቅ ነበር። ነጥቡን የሚያሳጥር አለ፣ ሰረዙን የሚያስረዝም አለ፣ ሲናደድ የሚጣደፍ አለ። እሳቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው መታመሙን ከሌላ ከተማ በእጁ እንዳወቁ ነገሩን። ልጅቷ በአክብሮት አዳመጠችና «ሻምበል፣ እርስዎ ያኔ ሙሉ ጸጥታ ነበረዎት። እኛ የደረሰን ቻርጀር ነው» አለች። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ እስካሁን ከማን ጋር እንደምስማማ አልወሰንሁም። ኤፍቲ8 ሲሠራ ሳይ እገረማለሁ፤ አንድ ሰዓት ካየሁት በኋላ ግን የባንክ ስቴትመንት ሳነብ እንደሚሰማኝ ይሰማኛል።

ከሰዓት በፊት ሌላም ነገር ነበር። ወንድማማቾቹ ናኖቪኤንኤ የምትባል፣ የእጅ መዳፍ የምታክል፣ አንቴና በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደሚሠራ በስክሪኗ የምታሳይ መሣሪያ አሳዩ። ድሮ እንዲህ ያለውን የሚለካ ዕቃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የሚታየው። ሎራ ስለሚባለው ትንንሽ ሬዲዮ እርስ በርሱ እየተቀባበለ ጽሑፍ ስለሚያደርስበት ዘዴም አንድ ልጅ አወራ፤ ብዙ ቃል፣ ጥቂት ነገር ነበር፤ አልፈዋለሁ።

የቀኑን ጉድ ያመጣው የዲሽ ባለሙያው ነው። ንግግር አላዘጋጀም። ስላይድ የለውም። መሰላሉን ይዞ ተነሣና «ኑ ውጡ» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ላይ ኳታር ኢስሃይል 2 የምትባል የቴሌቪዥን ሳተላይት አመጠቀች። በውስጧ ለአማተሮች የተተወ ትንሽ ክፍል አለ፤ እሱም ኪውኦ-100 ይባላል። አማተሮች ከ1961 ጀምሮ የራሳቸውን ሳተላይት ሲያመጥቁ ኖረዋል፤ የመጀመሪያዋ ኦስካር 1 በሞርስ «ሃይ» እያለች የምትዞር ትንሽ ሳጥን ነበረች። ያኔም ሆነ ከዚያ ወዲህ የነበሩት ግን ከአድማስ ወጥተው፣ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ታይተው፣ ይገባሉ። ይቺ ግን 36 ሺህ ኪሎሜትር ላይ፣ በምሥራቅ 26 ዲግሪ ግድም ቆማለች። ቀንም ሌትም አትነቃነቅም። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ትታያለች። በአንታርክቲካ ያለው የጀርመኖቹ የኖይማየር ጣቢያ እንኳ ይጠቀምባታል።

የዲሽ ባለሙያው ነጥብ የነበረው፣ 26 ዲግሪ የሚባለው ቦታ ለእሱ አዲስ አለመሆኑ ነው። የባድር ሳተላይቶች፣ ዓረብሳት የምንለው፣ እዚያው ናቸው። «እኔ እዚያ ሰማይ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ፤ ሠፈር እንደሚጠቁም ሰው በጣቱ እያሳየ።

ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ናይልሳት ላይ ነበር። ብሎኑን አላላ። ናይልሳት ከዚህ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። 26 ምሥራቅ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ 72 ዲግሪ ያህል፤ አናታችን ላይ ማለት ነው። ዲሹን ቀና ሲያደርገው ሳህኑ ዝናብ ሊቀበል የተዘጋጀ መሰለ። መጀመሪያ ተራውን ሪሲቨር ሰክቶ የዓረብ ቻናሎች እስኪመጡ ድረስ በጣት ጫፍ እየገፋ ፈለገ፤ ሲግናሉ ሳይሆን ኳሊቲው ላይ ነው ዓይኑ። ቻናሉ ሲመጣ ብሎኑን ግማሽ ዙር አጠበቀ። ከዚያ ሪሲቨሩን ቨርቲካል የሆነ ቻናል ላይ አቆመው፤ ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ወደተገጠመው መቀበያ) 13 ቮልት ብቻ እንዲሄድ። ካርቶን ቀዶ በእስክሪፕቶ ጻፈ፦ 10,489.75 ሲቀነስ 9,750፣ ይሆናል 739.75። የመጀመሪያው ሳተላይቷ የምታወርደው ሜጋኸርዝ ነው፤ ሁለተኛው ኤልኤንቢው ውስጥ ያለው፤ ልዩነቱ በዲሽ ገመድ ወርዶ የሚመጣው። 739.75 ደግሞ ከአዳፕተር የማትበልጥ፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ የቴሌቪዥን ዶንግል በደንብ ትሰማዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ እነዚህ ዶንግሎች ለቲቪ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሬዲዮ መቀበያ መሆን እንደሚችሉ ስለታወቀ፣ የድሃ አማተር ዓይን ናቸው።

ዶንግሉን ከመሰካቱ በፊት ስፕሊተር አስገባና የስፕሊተሩን እግር በቴስተር ነካ። ዜሮ። «አያችሁ? በዚህ እግር ቮልት አይመጣም። ቀጥታ ብትሰኩት ያቃጥለዋል።» እኔ አንገቴን ደፋሁ። የዛሬ ዓመት ቤቴ ውስጥ ሪሲቨሩ እንደበራ ገመዱን ነቅዬ ቀጥታ ዶንግሌ ላይ ሰክቼዋለሁ። ጭስ አልነበረውም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ብቻ። ባለቤቴ «ወጥ አረረ እንዴ?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት።

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ መስመሮቹ መጡ። አንዱን ጠቅ አደረገው። መጀመሪያ የዳክዬ የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ዳክዬው ሰው ሆነ። በእንግሊዝኛ፣ በፖርቱጋልኛ ቃና፣ ስለ ቤቱ ጣሪያ የሚያወራ ሽማግሌ። መልስ የሰጠው ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ስለ ምን ያወራሉ መሰላችሁ? ስለ ዝናብ። ድምፃቸው ወጥቶ ወርዶ እስኪመለስ ሩብ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ አይቋረጡም፤ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። የስብሰባ ሥርዓት እንዲህ የተማርነው ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብሁ።

እየሰማን ሳለ የሽማግሌው ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሄደ፤ የልጅ ድምፅ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁላችንም ተያየን። የዲሽ ባለሙያው አልገረመውም፤ መሰላሉን ወጣና ፀሐይ የምትመታውን ኤልኤንቢ በጥቁር ፌስታል ሸፈነው። ሲሞቅ ውስጡ ያለው ክሪስታል ይንሸራተታል፤ አሥር ቢሊዮን ላይ ጥቂት መቶ ማለት ምንም አይደለም፤ ለሰው ድምፅ ግን ብዙ ነው። ሽማግሌው ቀስ እያለ አረጀ፤ ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ። እማማ ከኋላ መጥተው ጎንበስ ብለው ሰሙና «ይኼ ሰውዬ የት ነው ያለው?» አሉ። ብራዚል አልናቸው። «እና እንደኛው ቲቪ ነው የመጣው?» አዎ፣ እንደኛው ቲቪ።

ከምሳ በኋላ መምህሩ ተናገረ። ምሳ የበላ ሰው ስለ አየር ንጣፍ መስማት ይከብደዋል፤ እኔም አንዴ ሸለብ አድርጎኛል፤ ግን የነቃሁበት ቦታ ጥሩ ነበር። አጭር ሞገድ ሩቅ የሚሄደው ፀሐይ ኤሌክትሮን የነቀለችበት የላይኛው አየር መልሶ ስለሚያወርደው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የምድር ወገብ ላይ ባትሆንም መግነጢሳዊው ወገብ ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ይህ መስመር በኛ አካባቢ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ያልፋል። በቀን በአንድ መቶ ኪሎሜትር ከፍታ ግድም፣ በዚሁ መስመር ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲባል አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው ቦታው እንዲህ ያለ ጸጋ ስላለው ነው፤ የመጀመሪያ ኃላፊውም አባ ፒየር ጉዌን የሚባሉ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበሩ። ዓለም ላይ ይህን ጅረት ከበላያቸው የሚለኩ ከተሞች ጥቂት ናቸው።

«ጸጋ» አልሁ እንጂ ለአማተር የተደባለቀ ነገር ነው። ከወገቡ ላይ አየሩ በቀን ወደ ላይ ይነሣና በሰሜንም በደቡብም ጎኑ ይከማቻል። በነዚህ ሁለት ክምሮች እየነጠረ፣ ከሜዲትራኒያን እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ፣ ጨርሶ ሩቅ መሄድ የማይገባው ፍሪኩዌንሲ ማታ ማታ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆጵሮስና የዛሬዋ ዚምባብዌ በ144 ሜጋኸርዝ ተሰምተዋል። መንገዱ የሚያልፈው በኛው ቀጠና ነው፤ ግን አያርፍም። «እኛ ድልድዩ ሥር ነን» አለ መምህሩ፤ «መኪኖቹ ከላይ ያልፋሉ።» ይኸው አየር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይበጣጠስና የሳተላይት ምልክት ያንቀጠቅጣል፤ ማታ ጂፒኤስ የሚዋዥቅበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

በዚህ ጊዜ እማማ እጃቸውን አወጡ። እድር ላይ እንደሚያወጡት፣ ቆመው። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነበር ሬዲዮ የሚሰማ። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሆን ብለው ነው የሚያጠፉት ይል ነበር። እሱ ነው ይኼ?» መምህሩ ትንሽ አሰበ። «እማማ፣ አንዳንዱ ሆን ተብሎ ነው። አንዳንዱ ግን ሰማዩ ነው።» እማማ ተቀመጡ። ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሰማዩን ነዋ ሲረግም የኖረው» አሉ።

ወደ አሥር ሰዓት ድንኳኑ ተፈታ፤ እድሩ ለእሑድ ይፈልገው ነበር። ሻምበል ሁሉንም «ሰባ ሦስት» እያሉ ጨበጡ። ከቴሌግራፍ ዘመን ጀምሮ ሰባ ሦስት ማለት መልካም ሰላምታ ነው። ከእኔ ጋር እስከ ታክሲው አብረን ሄድን፤ ሲለያዩኝ «ሞርስ ተማር። ጆሮ አለህ» አሉኝ። ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እስከ ቤቴ ደስ እያለኝ ሄድሁ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ ላይ አሥር ሜትር ሽቦ ወጥሬያለሁ፤ ግማሹ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ግማሹ ከጎረቤቴ በረንዳ ብረት ጋር የታሰረ። ጎረቤቴ እትዬ ስለ ሽቦው ፈቅደውልኛል፤ በምላሹ ልብስ ያሰጡበታል። እርጥብ ብርድ ልብስ ሲሰቀልበት የሆነ ነገር ይለወጣል፤ ለመለካት ናኖቪኤንኤ የለኝም። በተራ ቀን ማታ እዚህ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍፍፍ የሚል፣ ከግርጌ እስከ ጫፍ፣ መቶ ቤት በአንዴ ሲተነፍስ።

ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ብሎኩ ሙሉ «እህህ» አለ። እኔ ሻማ እንኳ አልፈለግሁም፤ ኤስኤስቢ ያላትን (የአማተር ድምፅና ሞርስ የምታሰማውን) ትንሿን ሪሲቨሬን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ በጨለማ በዳሰሳ ሽቦውን አያይዤ፣ በረንዳው ላይ ዱካ ሳብሁ። ፍፍፍ የለም። አባቴ «እሱን ተወው» የሚለው ዓይነት ትንፋሽ ብቻ፣ ከሩቅ መብረቅ አንዳንዴ የሚጠብሰው። ሰባት ሜጋኸርዝ ግርጌ አካባቢ ቀስ እያልሁ አዞርሁ።

ሞርስ ነበር። ማሽን አይደለም፤ ሰረዙን የሚያስረዝም፣ ፊደል መሃል ላይ የሚያመነታ የሰው እጅ። እንደኔው ጀማሪ ይሆናል፣ ወይ ያረጀ ይሆናል። ሲኪው መሆኑን ለየሁት፤ እሱን አውቀዋለሁ። ደገመው። ከዚያ መጠሪያውን ጀመረ፤ እስክሪፕቶ ስለሌለኝ በጣቴ የበረንዳው አቧራ ላይ ጻፍሁ። የመጀመሪያውን ፊደል። ሁለተኛውን። ቁጥሩ ላይ ተደናበርሁ፤ ሲደግም እይዘዋለሁ ብዬ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ።

መተላለፊያው ላይ አምፖሎቹ ብልጭ አሉ። ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ያሉ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» አሉ።